ንቀት በወጣት ነፍስ ላይ

በ2015 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው) የአሜሪካ መንግሥት የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ በየሁለት ዓመቱ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሚያስሞላው መጠይቅ ላይ፣ ከዚያ በፊት በአገር አቀፍ ደረጃ ጠይቆት የማያውቀውን አንድ ጥያቄ ጨመረ፤ ይኸውም ተማሪው ልቡ ወደ ተቃራኒ ጾታ፣ ወደ ተመሳሳይ ጾታ ወይስ ወደ ሁለቱም እንደሚያዘነብል፣ ራሱን በየትኛው ወገን እንደሚያውቅ የሚጠይቅ ነበረ። መልሱ ተሰብስቦ በተቆጠረ ጊዜ፣ ራሳቸውን የተመሳሳይ ጾታ ወይም የሁለቱም ጾታ አፍቃሪ ብለው ከገለጹት ተማሪዎች መካከል ከመቶ 29.4 የሚሆኑት ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደ ነበረ አስታወቁ፤ ተቃራኒ ጾታን እንወዳለን ካሉት ዘንድ ግን ቁጥሩ ከመቶ 6.4 ነበረ።

ይህ ቁጥር በሁለት መንገድ ሊነበብ ይችላል። አንደኛው መንገድ፣ ለብዙ ዘመን ሐኪሙም ዳኛውም የተጓዘበት፣ ሕመሙ ከወጣቶቹ ባሕርይ የሚፈልቅ ነው ብሎ መፍረድ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እነዚህ ልጆች በየቤታቸው፣ በየትምህርት ቤታቸውና በየአደባባዩ ምን እንደ ደረሰባቸው አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ ንባቦች የትኛው ወደ እውነት እንደሚቀርብ ለመለየት የሥነ ልቡና ሊቃውንት ከሰባ ዓመት በላይ ደክመዋል፤ እኔም የድካማቸውን ፍሬ፣ ይልቁንም የዶክተር ኬትሊን ራያንን የቤተሰብ ጥናት፣ ለአንባቢ ለማቅረብ የተነሣሁት፣ ነገሩ የሩቅ አገር ሰዎች ክርክር ብቻ ሳይሆን በወላጅና በልጅ መካከል የሚፈጸም፣ ስለዚህም ልጅ ያለውን ሁሉ የሚመለከት ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1952 የመጀመሪያውን የአእምሮ ሕመሞች መዝገብ ባሳተመ ጊዜ፣ የተመሳሳይ ጾታን ፍቅር ከሕመሞቹ ተርታ አስገብቶት ነበር። ለዚህ ፍርድ የቀረበው ማስረጃ ግን እጅግ የደከመ ነበረ፤ ሐኪሞቹ የሚያውቋቸው ሰዎች ወይ በጭንቀት ተይዘው ወደ ክሊኒክ የመጡ፣ ወይም በሕግ ተከሰው ወኅኒ ቤት የወረዱ ነበሩና። የአንድን አገር ሕዝብ ጤንነት ለመመርመር የፈለገ ሰው ሆስፒታል ገብቶ በየአልጋው ላይ የተኙትን ብቻ ቆጥሮ ቢወጣ፣ የአገሩ ሰው በሙሉ ሕመምተኛ ነው ብሎ መደምደሙ አይቀርም፤ በዚያን ዘመን ስለ እነዚህ ሰዎች የነበረው ዕውቀት በዚሁ ዓይነት የተሰበሰበ ነበረ።

ስሕተቱን በግልጥ ያሳዩት ኤቭሊን ሁከር የተባሉት፣ በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት የሥነ ልቡና ምሁር ናቸው። ተማሪያቸው የነበረ አንድ ሰው፣ እርሱንና ወዳጆቹን የመሰሉትን፣ ከሐኪም ደጅ ደርሰው የማያውቁትን ሰዎች እንዲያጠኑ አጥብቆ ስለ ወተወታቸው፣ ከመንግሥት የምርምር ገንዘብ አግኝተው ሥራውን ጀመሩ። ሠላሳ ተመሳሳይ ጾታን የሚወዱ፣ ሠላሳ ደግሞ ተቃራኒ ጾታን የሚወዱ ወንዶች መርጠው፣ አንዱን ከሌላው ጋር በዕድሜ፣ በትምህርትና በአእምሮ ችሎታ አመዛዝነው አቀረቡ፤ በቀለም ጠብታ ላይ የታየውን ከማስተርጐም ጀምሮ በዘመኑ የታወቁትን የጠባይ መመርመሪያዎች አስፈተኑአቸው። በዚያን ጊዜ ስሙ የወጣ ሰው ከሥራው የሚባረርበት፣ ፖሊስም የሚይዘው ስለ ነበረ፣ ምርመራውን በገዛ ቤታቸው በምስጢር አካሄዱት። ከዚያም የፈተናውን ውጤት፣ የማን እንደ ሆነ የሚያመለክተውን ሁሉ አስወግደው፣ በሞያው ከፍ ያለ ዝና ላላቸው ሦስት ሊቃውንት ሰጡአቸው። ሊቃውንቱም፣ ይህን ሰው በመልኩ ሳይሆን በነፍሱ አሻራ እንለየዋለን ብለው የተማመኑት፣ መለየት አቃታቸው፤ የጤንነት መዓርግ ሲሰጡም ሁለቱ ወገኖች እኩል ሆነው ተገኙ። ሁከር ይህን በ1956 በቺካጎ በተደረገው የሥነ ልቡና ሊቃውንት ጉባኤ ላይ አነበቡት፤ በሚከተለው ዓመትም ታተመ። የአእምሮ ሐኪሞቹ ማኅበር የተመሳሳይ ጾታን ፍቅር ከመዝገቡ የሰረዘው ግን ከብዙ ክርክር በኋላ በታኅሣሥ 1973 ነበረ፤ ውሳኔውን የተቃወሙ አባላት ድምፅ እንዲሰጥበት ጠይቀው በ1974 ቢሰጥ፣ ከመቶ 58 ድምፅ ጸና።

ነገር ግን በዚህ ነገሩ አላበቃም። ባሕርዩ ሕመም ካልሆነ፣ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ሐዘንና ጭንቀት፣ የመጠጥ ሱስና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከሌላው ሰው ይልቅ በዝቶ የሚገኘው ስለ ምንድን ነው? የጥንቱን ፍርድ መተው ያልፈለጉ ሰዎች ይህን ጥያቄ እንደ ጽኑ መከራከሪያ ይዘውት ነበር፤ ጥያቄውም ከባድ ነውና በቁጣ ሳይሆን በማስረጃ ሊመለስ ይገባው ነበር።

መልሱ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ፣ ስለ ዘርና ስለ ሃይማኖት ጥላቻ ከተደረገው ምርምር ነው። የሃርቫርዱ ሊቅ ጎርደን አልፖርት በ1954 ባሳተሙት፣ የቅድመ ፍርድን ባሕርይ በሚመረምረው ታላቅ መጽሐፋቸው፣ የጠላውን ሰው ልብ ብቻ ሳይሆን የተጠላውንም ሰው ልብ አብረው ተመልክተው፣ በጥላቻ ሥር የሚኖር ሰው ከዚያ የተነሣ ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚያወጣ ለብቻው በአንድ ምዕራፍ አትተዋል። ከእርሳቸው በፊት ኬኔትና ሜሚ ክላርክ የተባሉት ጥቁር አሜሪካውያን ባልና ሚስት፣ ለጥቁር ሕፃናት ነጭና ጥቁር አሻንጉሊት እያቀረቡ የትኛው መልካም፣ የትኛው ክፉ እንደ ሆነ ቢጠይቋቸው፣ የሚበዙት ሕፃናት መልካሙ ነጩ ነው ብለው መልሰውላቸው ነበር፤ ይህም ምርምር በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ለያይቶ ማስተማርን በከለከለበት ፍርድ ውስጥ ተጠቅሷል። ከዚህ የምንማረው፣ ንቀት በአደባባይ ተጀምሮ በአደባባይ የሚቀር አለመሆኑን ነው፤ በተናቀው ሕፃን ልብ ገብቶ ሕፃኑ ራሱን የሚያይበት ዓይን እስኪሆን ድረስ ይሠራል።

ይህን ሐሳብ ወስደው ስለ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ሥርዓት ያለው ትምህርት ያደረጉት ኢላን ማየር የተባሉት ተመራማሪ ናቸው። ማየር በ1995 በኒው ዮርክ ከተማ በሚኖሩ 741 ወንዶች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ፤ በ2003 ደግሞ በዘርፉ የተጻፈውን ሁሉ መርምረው፣ የአናሳ ወገን ጭንቀት የሚባለውን ትምህርታቸውን በሰፊው አብራሩ። ትምህርቱ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ማንኛውም ሰው የሥራ ማጣት፣ የሕመምና የሐዘን ጭንቀት አለበት፤ የተናቀ ወገን አባል የሆነ ሰው ግን በዚህ ላይ ሌላው የማይሸከመውን ተጨማሪ ሸክም ይሸከማል። ስድብ፣ ድብደባና ከሥራ መባረር ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ከዚያ ቀጥሎ፣ ምንም ነገር ባይደርስበት እንኳ ይደርስብኛል እያለ ዘወትር ነቅቶ መጠበቅ አለ። ምስጢርን መሰወርም አለ። ከሁሉ የከፋው ግን፣ የሌሎችን ንቀት እውነት ነው ብሎ ተቀብሎ በገዛ ራሱ ላይ መፍረዱ ነው።

ስለ መሰወር ጥቂት ልቆይ እወዳለሁ፤ ከውጭ ለሚያየው ሰው ቀላል የሚመስለው፣ እንዲያውም ብዙዎች እንደ መፍትሔ የሚመክሩት እርሱ ነውና። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ምስጢሩን የሚሰውረው አንድ ጊዜ ወስኖ አይደለም፤ ቁርስ ሲበላ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲቀመጥ፣ አክስቱ እጮኛ አለህ ወይ ስትለው፣ ዓይኑ የት እንዳረፈ፣ ድምፁ እንዴት እንደ ወጣ፣ ትናንት የተናገረው ከዛሬው ጋር ይጋጭ እንደ ሆነ እየመረመረ በየሰዓቱ ይሰውራል። ወላጆቹ ሲስሙት፣ ሲመርቁት፣ በእርሱ ደስ ሲላቸው፣ የሚወደደው ሌላ፣ እኔ ግን ሌላ ነኝ፤ ቢያውቁኝ ኖሮ አይወዱኝም እያለ በልቡ ያስባል። ስለዚህ የተሰጠው ፍቅር እንኳ ሳይደርሰው ይቀራል። ማየር ይህን ከጭንቀት ምንጮች አንዱ አድርገው መቁጠራቸው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዝምታ የሚገዛ ሰላም ዋጋውን የሚከፍለው ዝም ያለው ልጅ ብቻ ስለ ሆነ።

አሁን ወደ ዶክተር ራያን ልመለስ። በማኅበራዊ አገልግሎት ሞያ የሠለጠኑት እኒህ ምሁር፣ ራፋኤል ዲያዝ ከተባሉት ባልደረባቸው ጋር በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2002 ጀምረው የቤተሰብን ነገር መመርመር ያዙ። ከዚያ በፊት የነበሩት ተመራማሪዎች ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ጎዳናና ስለ ክሊኒክ ብዙ ሲጽፉ፣ ቤተሰብን ግን የማይለወጥ ጠላት አድርገው ቆጥረው ትተውት ነበር ማለት ይቻላል፤ ለወጣቱም የሚሰጠው ምክር ከቤቱ ወጥቶ ሌላ ወዳጅ እንዲፈልግ ነበረ። ራያንና ዲያዝ ግን ወጣቶቹንም ወላጆቻቸውንም በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ረጅም ጊዜ ወስደው ጠየቁ፤ ወላጆች የልጃቸውን ነገር ባወቁ ጊዜ በእርግጥ ምን እንዳሉና ምን እንዳደረጉ፣ ድርጊትን ከድርጊት ለይተው ከመቶ የሚበልጡ ዓይነቶች መዘገቡ። መምታት፣ ከቤት ማባረር፣ ጓደኞቹን እንዳያይ መከልከል፣ ከቤተ ዘመድ ግብዣ ማስቀረት፣ እግዚአብሔር ይቀጣሃል ማለት፣ ልጁ በትምህርት ቤት ሲደበደብ የገዛ እጅህ ነው ብሎ መንቀፍ፣ ይህ ነገር በዚህ ቤት አይነሣ ብሎ ምላሱን መዝጋት፤ እነዚህ በአንድ ወገን። በሌላው ወገን ደግሞ፣ ነገሩ ለወላጁ ከባድ ቢሆንበትም ከልጁ ጋር በርጋታ መነጋገር፣ ሌላ ሰው ሲሰድበው መከላከል፣ ጓደኞቹን ወደ ቤት ማስገባት፣ ወደ ፊት መልካም ኑሮ ይጠብቅሃል ብሎ ማመንና ማሳመን።

ከዚያ በኋላ በካሊፎርኒያ የሚኖሩ ከ21 እስከ 25 ዓመት የሆናቸውን 224 ነጭና የላቲን አሜሪካ ዘር ያላቸው ወጣቶች፣ በጉርምስናቸው ዘመን ከእነዚህ ድርጊቶች የትኞቹ ምን ያህል ጊዜ እንደ ደረሱባቸው ጠይቀው ውጤቱን በጥር 2009 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕፃናት ሐኪሞች መጽሔት ላይ አወጡት። በወላጆቻቸው እጅግ የተገፉት ወጣቶች፣ ካልተገፉት ወይም ጥቂት ብቻ ከተገፉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩበት ዕድል 8.4 እጥፍ፣ በከባድ ድብርት የተያዙበት 5.9 እጥፍ፣ በሕግ የተከለከሉ ዕፆችን የተጠቀሙበት 3.4 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት በ245 ወጣቶች ላይ በታተመው ጥናት ደግሞ የተገላቢጦሹ ታየ፤ የተቀበሏቸው ቤተሰቦች ልጆች ለራሳቸው ያላቸው ክብርም ጤንነታቸውም የተሻለ ነበረ። በእኔ አስተያየት የዚህ ጥናት ታላቅ ዋጋ ግን ከቁጥሩ ይልቅ በወላጆቹ ንግግር ውስጥ ይገኛል። ልጃቸውን የመቱት፣ ያገዱት፣ ያስፈራሩት አብዛኞቹ ወላጆች በጥላቻ ተነሣሥተው አልነበረም፤ ከመከራ እናድነዋለን፣ ከሰው መሳቂያነት እናተርፈዋለን፣ ነፍሱን እንጠብቃለን ብለው ነበር። ልጁ ግን ከድርጊቱ የተረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አልተፈለግሁም የሚል። ፍቅር በአንዱ ልብ ተነሥቶ ወደ ሌላው ሲደርስ ንቀት ሆኖ መድረሱ ከቤተሰብ መከራዎች ሁሉ የሚያሳዝን ነው።

ዶክተር ራያን ይህን ካወቁ በኋላ የሠሩት ሥራ ከተመራማሪዎች ልማድ የተለየ ነው። ወላጆችን፣ አስቀድማችሁ እምነታችሁን ካልለወጣችሁ ልጃችሁን ልታድኑ አትችሉም አላሉአቸውም፤ እምነታቸውን እንደ ያዙ፣ የልጃቸውን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥሉትን ድርጊቶች አንድ በአንድ እንዲተዉ ያስተምሯቸዋል። ለዚህም በተለያዩ ቋንቋዎች ትንንሽ መጻሕፍት አዘጋጅተዋል፤ በ2012 የታተመው አንደኛው በሃይማኖታቸው ጥብቅነት ለታወቁት ለሞርሞን ቤተሰቦች ተለይቶ የተጻፈ ነው። ይህ መንገድ ከሁለቱም ወገን ነቀፋ ሊመጣበት እንደሚችል ግልጥ ነው፤ አንዱ ወገን እውነትን አሳንሶ ማቅረብ ነው ሲል፣ ሌላው ወገን ኃጢአትን ማለሳለስ ነው ይላል። እኔ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ልጁ በሕይወት መቆየት አለበት ከሚለው ሐሳብ የተነሣ በመሆኑ ጥበብ ያለበት ሆኖ ይታየኛል።

ጥናታቸው ለሃይማኖት ሰዎች የሚያስጨንቅ ሌላም ነገር ይዟል። ወላጆች ብዙ ጊዜ ልጃቸውን ለመለወጥ ይሞክራሉ፤ በቤት ይመክራሉ፣ ይቆጣሉ፣ ካልሆነም ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሃይማኖት አባት ይወስዱታል። ራያንና ባልደረቦቻቸው የእነዚያኑ 245 ወጣቶች መልስ እንደ ገና መርምረው በ2018 እንዳስታወቁት፣ እንዲህ ያለ ሙከራ ካልተደረገባቸው ወጣቶች ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩት ከመቶ 22 ሲሆኑ፣ ወላጆቻቸው በቤት ሊለውጧቸው ከሞከሩት ከመቶ 48፣ ከወላጆቹም በላይ ሐኪም ወይም የሃይማኖት መሪ ከተጨመረባቸው ከመቶ 63 ነበሩ። ካህን የሆነ ወይም የነፍስ አባትነት አደራ ያለበት ሰው ይህን ቁጥር አንብቦ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይገባም። ረዳቶች ከበዙላቸው ወጣቶች መካከል ከሁለት ሦስተኛው ጥቂት ዝቅ የሚሉት በአንድ ወቅት ሞትን መርጠው ነበር።

ከቤት ወጥተን ወደ አገር ስንሄድ ደግሞ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላም በሃርቫርድ የተመራመሩትን ማርክ ሃትዘንቡለርን እናገኛለን። እርሳቸው የጠየቁት፣ የአንድ አውራጃ ሕግና ጠባይ በወጣቱ ሕይወት ላይ ይታያል ወይ ብለው ነው። በኦሬገን ክፍለ ግዛት በ34 አውራጃዎች የሚገኙ 31,852 የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የሰጡትን መልስ ይዘው፣ በየአውራጃው ትምህርት ቤቶች ለእነዚህ ልጆች የሚከላከል ደንብ መኖር አለመኖሩን ከሌሎች ምልክቶች ጋር መዘኑ፤ በ2011 እንዳሳተሙትም፣ ተመሳሳይ ጾታን ወይም ሁለቱንም የሚወዱ ተማሪዎች ራሳቸውን ለማጥፋት የመሞከራቸው ዕድል ደጋፊ ከሆኑት ይልቅ ደጋፊ ባልሆኑት አውራጃዎች በመቶ 20 እጅ ከፍ ብሎ ተገኘ። ተቃራኒ ጾታን የሚወዱት ተማሪዎችም በእነዚያው አውራጃዎች የበለጠ ተጎድተው መገኘታቸው፣ ንቀት የሰፈነበት ቦታ ለማንም ልጅ መልካም እንዳልሆነ ያመለክታል። በ2017 ደግሞ ጁሊያ ራይፍማን የተባሉት ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በፈቀዱ ክፍለ ግዛቶች ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ብዛት ከመቶ ሰባት እጅ ያህል መቀነሱን አሳዩ።

እስካሁን ያቀረብሁት ሁሉ ጥርጥር የሌለበት ነው ብዬ አንባቢን ላታልል አልወድም። የራያን ጥናት ያደጉ ወጣቶች ወደ ኋላ መለስ ብለው ባስታወሱት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ያዘነ ሰው ደግሞ ያለፈ መከራውን አብዝቶ ሊያስታውስ ይችላል። ልጁን የሚገፋ ቤት በሌላም ነገር፣ በመጠጥ ወይም በድህነት፣ የታመመ ቤት ሊሆን ይችላል። የሆነ ሆኖ በልዩ ልዩ ቦታ፣ በልዩ ልዩ ዘዴ የተሠሩ ጥናቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ተሳስተዋል ማለት ይከብዳል።

ስሕተትም አልጠፋም። ሃትዘንቡለርና ባልደረቦቻቸው በ2014፣ ጥላቻ በበረታበት ሰፈር የሚኖሩ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ዕድሜያቸው በ12 ዓመት ያጥራል የሚል ጥናት አሳትመው ወሬው በዓለም ተሰማ። በሐሳብ የሚቃረኗቸው ማርክ ሬግኔረስ የተባሉት ምሁር ሒሳቡን ደግመው ቢሠሩት፣ ያው ውጤት እንዳልወጣላቸው በ2017 አስታወቁ፤ ደራሲዎቹም መዝገባቸውን እንደ ገና ሲመረምሩ በቁጥሩ አያያዝ ላይ ስሕተት መኖሩን ራሳቸው አግኝተው አመኑ፤ ጽሑፉም ከመጽሔቱ ተሻረ። እንደዚሁም ማይክል ላኩር የተባለ ወጣት ተመራማሪ ከሌላ ሊቅ ጋር በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት፣ የሰው ቤት አንኳኩቶ ጥቂት ደቂቃ መነጋገር የከረመ ጥላቻን ይለውጣል የሚል ጥናት ቢያወጣ፣ ይህንኑ ለመድገም የተነሡት ዴቪድ ብሩክማንና ጆሹዋ ካላ የመረጃውን ሐሰተኛነት ደርሰውበት አጋለጡ፤ ጽሑፉ በ2015 ተሻረ። እነርሱ ራሳቸው ግን ሥራውን በሚያሚ ከተማ በእውነት ሠርተው፣ አሥር ደቂቃ ያህል በአክብሮት የተደረገ ጭውውት፣ ባለቤቱ ራሱ በተናቀበት ጊዜ የተሰማውን እንዲያስታውስ ሲጠየቅ፣ ጾታቸውን በለወጡ ሰዎች ላይ የነበረውን ቅድመ ፍርድ ቢያንስ ለሦስት ወር ዝቅ እንዳደረገው በ2016 አሳዩ። ብሩክማንና ካላ ውጤቱን ይወዱት ነበር፤ ሐሰት መሆኑን ሲያውቁ ግን አልሸሸጉትም፤ ከዚህ የተነሣ ቀጥሎ ያቀረቡት ሊታመን ቻለ። ለተገፋ ሰው የሚከራከር ሁሉ ይህን ምሳሌ ቢይዝ ይጠቅመዋል፤ በሐሰት የተደገፈ ርኅራኄ ሐሰቱ በተገለጠ ቀን ለተገፋው ሰው ጠላት ይሆንበታልና።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይሆናል? በኢትዮጵያ በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል፤ አብያተ ክርስቲያናቱም መስጊዶቹም በዚህ ነገር ላይ ያላቸው ትምህርት የታወቀ ነው። በሌላ በኩል በዋሽንግተን፣ በሲያትል፣ በሎስ አንጀለስና በኦክላንድ የሚያድጉት የኢትዮጵያውያን ልጆች በመጀመሪያ በጠቀስሁት መጠይቅ ከሚቆጠሩት ተማሪዎች ጋር በአንድ ክፍል የሚማሩ ናቸው። የራያን ጥናት በነጮችና በላቲኖች ላይ ስለ ተደረገ፣ ቁጥሩ በእኛ ቤተሰብ ላይ ልክ እንደዚያው ይሠራል ብዬ መናገር አልችልም። ነገር ግን የላቲኖቹ ቤተሰቦች፣ በሃይማኖታቸው ጽናት፣ ለአባትና ለእናት በሚሰጡት ክብር፣ የጎረቤትን ወሬ በመፍራታቸው፣ ለእኛ የራቁ ሰዎች አይደሉም።

እንዲያውም በእኛ ዘንድ ጉዳቱ የሚከብድበት ምክንያት ይታየኛል። ቤተሰባችን ሰፊ ነው፤ የአንድ ልጅ ነገር የአጎትና የአክስት፣ የክርስትና አባትና የማኅበሩ ሁሉ ነገር ይሆናል። ይህ ልማድ ልጅ በሐዘን ጊዜ ብቻውን እንዳይቀር የሚያደርግ መልካም ሀብታችን ነው፤ ነገር ግን ልጁን ለመግፋት ሲነሣ የሚገፋው አንድ አባት ሳይሆን ዘመዱ ሁሉ በአንድ ቀን ይሆናል፤ በባዕድ አገር ለሚኖር ወጣት ደግሞ ከዚያ ቤት ውጭ ቋንቋውን የሚያውቅለት፣ ስሙን በትክክል የሚጠራው ሌላ ሰው ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ሰፊው ቤተሰብ መልሶ መድኃኒት ሊሆን መቻሉም ያንኑ ያህል ነው። ትሬቨር ፕሮጀክት የተባለው፣ በአሜሪካ እነዚህን ወጣቶች የሚረዳው ድርጅት በ2019 እንዳስታወቀው፣ የሚቀበለው ቢያንስ አንድ አዋቂ ሰው ያለው ወጣት፣ ባለፈው ዓመት ራሱን ለማጥፋት የመሞከሩ ዕድል ማንም ከሌለው ይልቅ በመቶ 40 እጅ ያነሰ ነው። አባት ባይችል አያት፣ እናት ባትችል አክስት፣ እነርሱም ባይሆኑ የንስሐ አባት ያ አንድ ሰው ለመሆን ይችላሉ።

የሃይማኖት ትምህርትን እንለውጥ ወይም አንለውጥ የሚለው ክርክር በሊቃውንት ጉባኤ የሚታይ ነው፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ ፍርድ አልሰጥበትም። የምፈርደው በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ ልጅን መደብደብ፣ ማባረር፣ በኀፍረት ማሳደግ ከየትኛውም ትምህርት ተነሥቶ ቢደረግ ልጁን አያድነውም፤ እስከ ዛሬ የተሰበሰበው ማስረጃ ለሞት እንደሚያቀርበው ይመሰክራል። ይህን ካወቅን በኋላ፣ አላወቅንም ነበር እያልን እንደ ቀድሞው ልንቀጥል አንችልም።

በአሜሪካ የምትኖሩ እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ይህን ነገር በነገራችሁ ቀን ምን እንደምትመልሱ አስቀድማችሁ አስቡ፤ በዚያች ሰዓት የምትናገሩትን ልጁ ዕድሜውን ሁሉ ይዞት ይኖራልና። ቢያንስ፣ ልጄ ነህ፣ ከዚህ ቤት አትወጣም በሉት፤ የቀረውን ጊዜ ወስዳችሁ ትነጋገሩበታላችሁ። 988 በተባለው የአገሪቱ የአስቸኳይ ርዳታ የስልክ መስመር ላይ ለእነዚህ ወጣቶች ተለይቶ የተሰጠው አገልግሎት በ2025 ተዘግቷል፤ መስመሩ ራሱ ግን ራሱን ለማጥፋት ላሰበ ለማንኛውም ሰው፣ ስለ ልጁ ለተጨነቀም ወላጅ፣ ሌሊትና ቀን ያለ ክፍያ ክፍት ነው።